ዳገቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም

በሀገር ቤት ጦርነቱ መንገዱንም ስልኩንም በዘጋበት ዓመት፣ ግንበኛው ዘሩባቤል በሶማሌላንድ ከተማ በሐርጌሳ ሳለ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላው። የእናቱ ድምፅ ከላስታ ከጠፋ አራት ወር አልፏል። ጭንቀቱን የሚያራግፈው በሩጫ ነበርና፣ ሥራ በሌለበት ዓርብ ማለዳ ከወጣት ግንበኞች ጋር በከተማው የጋአን ሊባህ ሰፈር ያለውን ዳገት በሩጫ ይወጣል፤ ብዙዎቹንም ይቀድማል።

ከዳገቱ አናት ሀረገወይን ትኖራለች። ባሏ ከሞተባት ስድስት ዓመት የሆናት፣ በአንድ ክሊኒክ በጽዳት የምታገለግል ሴት ናት። ለሯጮቹ ውኃ ታቀርባለች።

አንድ ዓርብ ዘሩባቤል ውኃውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ቆመ። እጁ ደረቱ ላይ ነበር።

«ምነው ጋሽ ዘሩባቤል? ዛሬስ ልጆቹ ጉድ ሠሩዎት!»

«ደጅሽ ስደርስ ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ብርድ መታኝ እያልሁ ከረምሁ፤ አሁን ግን ገባኝ። የዚህ ሕመም ስሙ ሀረገወይን ነው።»

ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ደስታ ፊቷን ሊያበራው ሲል አንድ ነገር ያዘው፤ የክሊኒኩን ወለል ስትወለውል ሐኪሟ ዶክተር ኒምኮ ሕመምተኞቿን የምትጠይቀውን ዕለት ዕለት ትሰማ ነበርና።

«ሲያርፉስ?»

«ይለቀኛል።»

«እሑድ ለጸሎት ተሰብስበን አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜስ ያዘዎት?»

አሰበ። «አልያዘኝም።»

«እንግዲያው ዳገቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! ነገ ክሊኒክ እንሄዳለን።»

ሳቀ። «ከጎረምሳ ጋር የምሮጠውን ሰውዬ? ደግሞስ ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው።»

«ነው እንጂ! ነገር ግን ጌታችንን ‹ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል› ያለው ማን እንደ ነበር ያውቃሉ። እኔ አንድ ባል ቀብሬአለሁ፤ ሁለተኛ ለመቅበር አላገባም።»

ዘሩባቤል ‹አላገባም› ያለችውን ቃል ሲያገላብጠው፣ በክልከላው ውስጥ ፈቃድ አገኘበት።

በማግሥቱ ጅማ የተማረችው ዶክተር ኒምኮ ልቡን በመሣሪያ መርምራ በአማርኛ ነገረችው፦

«ጋሼ፣ ጥንካሬዎ አታልሎዎታል። ለልብዎ ደም የሚያደርሰው ሥር ሳይጠብ አይቀርም። በዚህ ሁኔታ የሚሮጥ ሰው ድንገት ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም አይነሣም። መድኃኒቱን ይጀምሩ፣ አዲስ አበባ ይታከሙ። እስከዚያ ሩጫ የለም። በኋላ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ፣ ኢንሻአላህ።»

ሄደ፤ የጠበበው ሥር በሕክምና ተከፈተለት። እዚያው ሳለ የላስታ መንገድና ስልክ ተከፍቶ የእናቱን ድምፅ ሰማ። መጀመሪያ የነገራት ግን የልቡን ሕመም አልነበረም፤ ሀረገወይንን ነበር። እናቱም እልል አለች።

በአስተርእዮ ወራት ሲመለስ ጅግጅጋ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወረደ። ሐርጌሳ ትጠብቀኛለች ያላት ሴት በሰው መካከል ነጠላዋ እየተንሸራተተ፣ እያለከለከች ስትመጣ አየ።

«ምነው ሀረገ፣ ድንበር ተሻግረሽ? ነገ እደርስ አልነበረም?»

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«መሮጥ የተከለከልኸው አንተ ነህ፤ እኔን ማን ከለከለኝ?»