የወለተሥላሴ ሚዛን

ወለተሥላሴ ኬሞ በወሰደች በዘጠነኛው ቀን ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሞተች። ካንሰሩ ገድሏት ቢሆን ፖሊስ ባልተጠራ። ባሏ ወንድዬ ግን «ነርሷ መድኃኒት አብዝታ ገደለችብኝ» ብሎ ከሰሰ፤ ቀብሩም ቆመ።

ኢንስፔክተር አቻምየለሽ አስከሬኑን አየች። እግሩ አላበጠም። ወገቡ ዙሪያ ክብ ክብ ብልዝ፣ የጉርድ ቀሚሷ ወገብ ላይ ደግሞ ዝገት አለ። ብልዙን በጣቷ ለካች። እሷ ስትለካ አንድ ሰው ጉድ ሊፈላበት ነው።

ኬሞውን ያዘዘውን ሐኪም በዛብህን ጠየቀችው።

«ከቁመትና ከኪሎ የገላቸውን ስፋት እናሰላለን፤ መድኃኒቱ የሚለካው በዚያ ነው። ባለፈው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ስለሆኑ ልናቆምላቸው ነበር። አሁን አርባ አምስት መዘኑ። አገገሙ ብዬ ሙሉውን አዘዝኩ።»

«ውሃ ሳይቋጥሩ፣ እግራቸው ሳያብጥ፣ በሦስት ሳምንት ሰባት ኪሎ?»

ሐኪሙ ካርዱን እንደገና ገለጠ።

ነርሷ ዮዲ ከሥራ ታግዳለች፤ ከተፈረደባትም እስር ቤቱ እዚሁ ቃሊቲ ነው፣ ከሆስፒታሉ ታክሲ እንኳ አያስፈልገውም። ሚዛኑ ልክ ነው አለች። አቻምየለሽ ወጥታበት አረጋገጠች፤ ስንት እንደመዘነች ግን ለማንም አልተናገረችም።

«ጫማቸውን አስወልቄያለሁ። መቀነታቸውን ግን... እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ ሰልፈኛው ፊት ይፍቱ እንዴት እላለሁ?»

«ማን ደግፎ አመጣቸው?»

«ባላቸው።»

ወንድዬ አቃቂ በሰቃ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤት አለው። አቻምየለሽ ከወለሉ አንድ የብሎን ዳዶ አንስታ ኪሷ ከተተች።

በማግስቱ ሦስቱንም ሐኪሙ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከሟቿ ቁም ሳጥን የመጣውን መቀነት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ ጠረጴዛው ጮኸ። ስፌቱን ከአንድ ጫፍ ስትተረትረው ኪሷ የከተተችውን የመሰለ ጥቂት ዳዶ ፈሰሰ።

«ብልዙ የዚህ ልክ ነው፤ ዝገቱም የዚህ። ሚዛኑ ላይ የወጡት ሴትና ብረት ናቸው። መድኃኒቱ የተለካው ለሌላ ሴት ነው፣ ለሌለች ሴት። አቶ ወንድዬ፣ የእርስዎ ዳዶ ነው?»

ወንድዬ አንዱን ዳዶ አንስቶ አገላበጠው።

«ኪሎዋ ካነሰ መድኃኒቱ ይቆማል ተባልን። የፈተና ማለፊያ ነጥብ መስሎን ነው። እሷ መቀነቱን ሰፋች፣ እኔ ብረቱን አመጣሁ። ይበቃል ስላት ጨምር አለችኝ።»

«ለምን እንደሚመዘኑ የነገራችሁ አለ?»

ሐኪሙ መስኮት መስኮቱን አየ።

«ይህን ባናደርግ ትድን ነበር?» አለው ወንድዬ።

«አይድኑም ነበር። ትንሽ ይቆዩ ነበር።»

ዮዲ ነፃ ወጣች፤ ደስ ያለው ግን የለም። ወንድዬ መቀነቱን በአንድ እጁ ሊያነሳ ሲል ከበደው፤ በሁለት እጁ ያዘው። ወለተሥላሴ ግን ከአራተኛ ፎቅ ታጥቃው ወርዳ ነበር።