«ተንፍስ» ያላለው ድምፅ

ማመን የማይፈልግ አይመን... እኔ ግን ዛሬ ቆሜ የማወራው በዚያን ቀን ስለታዘዝኩ ሳይሆን እምቢ ስላልኩ ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ ነው። በነሐሴ ሙቀት፣ ዓርብ ቀን፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ። ቦታው ሞሮኮ፣ አትላስ ተራራ ላይ ያለ የሳንባ ሆስፒታል።

ዓላል እባላለሁ። የገጠር አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። የሳንባ ነቀርሳ አልጋ ላይ ካዋለኝ ሦስተኛ ወሩ ነበር። እየተሻለኝ ነበር። ሳሉ ቀንሶልኝ፣ ሥጋም ለብሼ፣ ነርሶቹን መልከፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ በአንድ ሌሊት ትኩሳት ጣለኝ... ቀኝ ጎኔን በጩቤ የሚወጋኝ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ዶክተር ኑዝሃ ደረቴን አዳመጠች።

«ነቀርሳው መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል» አለች። «ወደ ላይኛው ክፍል ልትዛወር ነው።»

ላይኛው ክፍል ከገባ ሰው በእግሩ ሲመለስ ያየሁት አንድም የለም።

«አልሄድም» አልኳት።

«ዓላል፣ አታስቸግረኝ።»

«አልሄድም አልኩ እኮ ዶክተር! ልሞት አይደለም የመጣሁት።»

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። «እሺ፣ ራጅ ተነሳ። ከድሮው ጋር አስተያየዋለሁ። ከታች አዲስ ነጭ ነገር ካየሁ ሌላ ባክቴሪያ ሳንባህ ላይ ተደርቧል ማለት ነው። እሱ ሌላ መድኃኒት አለው። ካላየሁ ግን... ያለ ክርክር ትሄዳለህ።»

ተስማማን። ሕይወቴ በአንድ ራጅ ላይ ተንጠለጠለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በክፍላችን ጨዋታ ነበረን። ትንፋሽ መያዝ! ረጅም የያዘ ቶሎ ይድናል ይባላል። የተሸነፈ የምሳ ብርቱካኑን ያስረክባል። እኔ እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ብርቱካን ቸግሮኝ አያውቅም። ሽማግሌው ባ ዓዲ በተሸነፈ ቁጥር፣ «አንተን ዓሣ ነው እንዴ የወለደህ?» እያለ ይሰድበኝ ነበር።

ራጁና የልብስ ማጠቢያው አንድ ላይ ከሠሩ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ራጅ የምንነሳው አጣቢዎቹ ለምሳ ሲወጡ ነው። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ጭር ይላል።

ራጅ አንሺው ሲ ቡሽታ አቆመኝ። «አገጭህን ከላይ፣ ደረትህን ብረቱ ላይ ለጥፍ» ብሎ ማሽኑ ከሚታዘዝበት መስታወት ጀርባ ሄደ፤ ከዚያ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያዘን። ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ጆሮዬ በትኩሳት ስለሚጮህ አልሰማሁትም።

ብረቱ ደረቴን አቀዘቀዘኝ።

ድምፅ ማጉያው ተንሿሿ።

«አየር ሳብ...»

ሳብኩ።

«ያዝ... እንዳትንቀሳቀስ...»

ያዝኩ። ማሽኑ ጠቅ አለ።

«ተንፍስ» እስኪለኝ ጠበቅኩ።

አላለም።

ሲ ቡሽታ ጨዋታችንን ያውቃል። ሊፈትነኝ ነው አልኩ በሆዴ። የታመመ ጎኔ እየተቃጠለ... ኩራቴ ግን አላስተነፍስ አለኝ።

ፊት ለፊቴ ከፍ ብላ ወደ ግቢው የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። ዓይኔን ወደዚያ ጣል አደረግኩ።

ውጭ፣ ቧንቧው ሥር፣ አንድ ሰው ለስግደት እግሩን ይታጠባል።

ሲ ቡሽታ ነበር።

«ያዝ...» አለ ድምፅ ማጉያው። በራሱ በሲ ቡሽታ ድምፅ!

ከንፈሬ ደነዘዘ። ልተነፍስ ፈለግኩ... ደረቴ እንደ ተቆለፈ በር አልከፈት አለኝ።

«ትንሽ ነው የቀረህ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ሁሉም ይዘዋል... አንተም ያዝ...»

ሁሉም?

ላይኛው ክፍል የገቡት ሁሉ ትዝ አሉኝ። ያኔ ፍርሃቱ ለቀቀኝና ንዴት ገባብኝ። ሞት ከፈለገኝ እንደ ወንድ አልጋዬ ድረስ ይምጣ እንጂ በብርቱካን ጨዋታ አይወስደኝም!

«እምቢ!» ብዬ ጮህኩ። ትንፋሼ ከነሳሉ ፈነዳ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ ሰው... ከንፈሩን መጠጠ።

ሲ ቡሽታ እግሩ ሳይደርቅ ገባ። «ምነው ተቀመጥክ? ታጥቤ ልምጣ፣ ቆየኝ አላልኩህም? ገና አላነሳሁህም እኮ!»

«ተነስቻለሁ።»

«በማን?»

ወደ መስታወቱ ጠቆምኩት። ፊልሙን አውጥቶ አጠበው። ሳንባዬ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ፊልሙን ቶሎ ብሎ አቀበለኝ።

«ዓላል... ለዶክተሯ ያነሳሁህ እኔ ነኝ በላት። በአላህ ይዤሃለሁ።»

ዶክተር ኑዝሃ ሁለቱን ራጆች መብራት ላይ ጎን ለጎን ሰቀለች። ከላይ ያለው የነቀርሳ ጠባሳ እንደ ድሮው ነው። ከታች በቀኝ በኩል ግን ድሮ ያልነበረ ነገር አለ። ጥጥ የመሰለ ነጭ።

«ይኸውልህ! የሳንባ ምች ነው» አለች ደስ ብሏት። «የትም አትሄድም። መርፌ እንጀምርልሃለን።» ከዚያ ደግሞ ራጁን አየችው። «እንዲህ የጠራ አይቼ አላውቅም። ይህን ያህል እንዴት ያዝከው?»



ትኩሳቱ በመርፌው ለቀቀኝ። በሳምንቱ ዓርብ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስሞቅ ሲ ቡሽታ እየተጣደፈ መጣ።

«ባ ዓዲን አይተሃል? ራጅ አለው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ በድምፅ ማጉያ የጠራኸው? አሁን ገባ እኮ።»

ሲ ቡሽታ ባለበት ደርቆ ቀረ። «እኔ... ማንንም አልጠራሁም።»

ሮጥኩ። የታመመ ሰው እንደዚያ አይሮጥም።

ራጅ ክፍሉ በር ጋ ስደርስ ሰማሁት። «ያዝ... ትንሽ ነው የቀረህ...»

በሩን በርግጄ ገባሁ። ባ ዓዲ ደረቱን ብረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጉንጩን ነፍቶ ቆሟል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲያየኝ አንድ እጁን አነሳ... ቆይ፣ ላሸንፍህ ነው ማለቱ ነበር።

ጀርባውን በመዳፌ መታሁት። «ተንፍስ! ባ ዓዲ፣ ተንፍስ!»

እያለከለከ ክንዴ ላይ ወደቀ። «አበላሸኸው አንተ ልጅ... ላሸንፍህ ነበር...»

«አሸንፈሃል። ብርቱካኑ ሁሉ ያንተ ነው» አልኩት። እንባዬ መጣ።

ሲ ቡሽታ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግባ ብዬውም አልገባም። ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ። ከጀርባው ማንም የለም። ወንበሩ ባዶ ነው።

መስታወቱ ላይ ግን፣ ከውስጥ በኩል፣ በዚያ ሙቀት... ጉም አለ። ሰፋ ይላል... ይጠባል... ሰፋ ይላል... አንድ ሰው አፉን አስጠግቶ እንደሚተነፍስ።

ባ ዓዲን አስቀምጬ ሄድኩ። አፌን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

«ተራው ያንተ ነው» አልኩት። «አየር ሳብ። ያዝ።»

ጉሙ ባለበት ቆመ።

አልሰፋም። አልጠበበም።

ባ ዓዲን ደግፌ ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁት። «ተንፍስ» አላልኩትም።