ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሣ ከመሃል ብድግ ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ከመቃብር ቤት መብራት በራ፣ የሞተ ሰው በስሜ ጠራኝ ሲባል “ማን አየ? ማን ሰማ?” እያልሁ ጨዋታ የማበላሽ፣ ባለቤቴ ትርንጎ በዚህ ጠባዬ ስንት ጊዜ አኩርፋኛለች። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ይህን ሰው ምን ነካው እንዳትል፣ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ያን ምሽት ትርንጎን ለጥቂት ነው ያላጣኋት፣ እንዴት እንዳላጣኋት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራችን ፎቶ ነበር። ሰው ሁሉ በሞባይሉ ፎቶ ማንሣት በጀመረበት ጊዜ እኛ እዚያው አትመን ስለምንሰጥ ገበያችን አልቀዘቀዘም፣ አንዲት ያረጀች ሚኒባስ ገዝተን፣ የኋላ ወንበሮቿን ነቅለን ፍራሽ ዘረጋንባት፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር አስቀመጥን፣ ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት አድርጎ ይሰጠናል፣ ፕሪንተሩም አምፖሉም በእሱ ነው የሚሠራው፣ እንዲህ እያልን መብራት ያልገባበትን ቀበሌ ሁሉ ገበያና ንግሥ እየተከተልን ዞርነው። የኢንቨርተሩ መጥፎ ጠባይ ባትሪው ሲደክም መጮኹ ነው፣ ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ጩኸት፣ ጆሮ ይበላል።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከአዘና ከተማ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዋልን። እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት ሚኒባሷን ግቢያቸው እንድናቆም ፈቀዱልን፣ ዶሮዎቻቸውን በአገውኛ እየተቆጡ እኛን በአማርኛ የሚመርቁ ደግ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስናትም ውለን ማምሻውን ባትሪው ሞተ፣ ነቅዬ አወጣሁትና ወደ አዘና በሚመለስ ባጃጅ ላክሁት፣ አንድ ወዳጄ ቤት ሲሞላ አድሮ ጠዋት እንዲመጣልን። ልብ በልልኝ፣ ባትሪው መኪናው ውስጥ የለም፣ ከሞተሩ ባትሪ ጋር ደግሞ ኢንቨርተሩ ጨርሶ አይገናኝም። ቀይና ጥቁር ሽቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አስሬ፣ በገዛ እጄ ነው ከፍራሹ ራስጌ ያኖርሁት።

የአዊ የኅዳር ብርድ መቼም የታወቀ ነው። እኛ ደግሞ ቆሰበር ዙሪያ ያደግን ሰዎች ግራር ተክለን፣ ቆርጠን፣ አክስለን የምንሸጥ ነንና ከሰል አንፈራም፣ በከሰል የሚታመመው ጢሱ ሳያልቅ ቤት የሚያስገባ የከተማ ሰው ነው እንላለን። እኔም ምድጃውን ውጭ አቀጣጥዬ፣ አራግቤ፣ ጢሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ አመድ እስኪለብስ ጠበቅሁ፣ በእኛ ቤት በስሏል የሚባለው ያኔ ነው፣ ከዚያ ወደምንተኛባት ሚኒባስ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ፣ ትርንጎ ነፋስ የሚያስገባውን መስኮት በነጠላዋ ወተፈችው። ጢስ የለ፣ ሽታ የለ። ሌላው ሰው እራቱን ሳይበላ እኛን ድካም ጣለን።

የቀሰቀሰኝ ያ ጩኸት ነው። በእንቅልፍ ልቤ ገና እያተምን መሰለኝ፣ “ትርንጎ፣ አጥፊው” አልሁ፣ አልመለሰችልኝም። ጩኸቱ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። ተናድጄ ላጠፋው ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ራሴን መሸከም አቃተኝ፣ የኢንቨርተሩ ትንሿ ቀይ መብራት ስትበራ አየኋት፣ እመነኝ አይቻታለሁ፣ ሽቦው የተጠቀለለበት ጨርቅም እንደ ታሰረ ነው። ወዲያው ዓይኔ ምድጃው ላይ ሄደና የሆነውን ሁሉ ተረዳሁት። በሩን እንዴት እንደ ከፈትሁት አላስታውስም፣ ትርንጎን በብብቷ ይዤ ጎተትኋትና ሣሩ ላይ አብረን ወደቅን፣ ብጠራት አትሰማም፣ እጇን ባነሣው ተመልሶ ይወድቃል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ድምፅ አውጥቼ ሰው እንኳ ሳልጠራ እማማ አትጠገብ ባትሪ መብራት ይዘው ደረሱ። ፊቷን በውኃ አራሱት፣ ጀርባዋን አሹት፣ ከብዙ ጭንቅ በኋላ ትርንጎን ሳል ያዛት፣ አስመለሳት፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም አለቀስሁ። ትንሽ ሲረጋጋ እንዴት አውቀው እንደ መጡ ጠየቅኋቸው።

“የጫጩት ድምፅ ሰምቼ ነዋ” አሉኝ። “ከእናቷ የቀረች መስላኝ፣ ሸለምጥማጥ እንዳይበላት ብዬ ወጣሁ። ለካ እናንተ መኪና ውስጥ ናት።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው የሰሙት፣ እማማ?”

“ኧረ ቆየች፣ ልጄ። አንተ ውጭ ቁጭ ብለህ ከሰሉን ስታራግብ ጀምራ ነው። አልሰማህም ነበር እንዴ?”

ሚኒባሷ ውስጥ ተመልሼ ስገባ ጩኸቱም የለም፣ መብራቷም ጠፍታለች። በኋላ እንጅባራ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት፣ ፈታታው፣ ባትሪ ሲነቀል ውስጡ የሚቀር ትንሽ ኃይል እንዳለ፣ እሱ ግን ወዲያው እንደሚያልቅ ነገረኝ፣ ታሪኩን ስጨርስለት መልሶ ገጠመና “እዚህ አታሳድረው፣ ይዘኸው ሂድ” አለኝ። ከሰል የመረዘው ሰው የሌለ ነገር ይሰማል የሚሉኝም አሉ። እሺ፣ እኔን ከሰሉ መረዘኝ፣ ጎጆአቸው የነበሩትን እማማ አትጠገብን ማን መረዛቸው?

አሁን ሚኒባሷን ሸጠን እንጅባራ ተቀምጠናል፣ ቤታችን መብራት አለው፣ ከሰል አናስገባም። ኢንቨርተሩን ግን ትርንጎ አታሸጠኝም፣ ሽቦውን ጠቅልላ አልጋችን ሥር አኑራዋለች፣ አትርፎኛል ባይ ናት። እኔም ማመስገን ነበረብኝ፣ ግን እፈራዋለሁ። በቀደም ልንተኛ ስንል እጄን ያዝ አድርጋ “የሚሰማህ ነገር አለ?” አለችኝ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ አዳመጥሁና ምንም የለም አልኋት፣ እውነቴን ነው፣ ምንም አልሰማሁም። ያን ምሽት ውጭ ቁጭ ብዬ ከሰሉን ሳራግብም ምንም አልሰማሁም ነበር።