ወፎቹን ያስነሳበት ቀን

ውድነህ ወፍ ፎቶ ሲያነሳ አንድ ሕግ አለው፤ አትቅረባት፣ እሷ ትቅረብህ።

ከሚኖርበት ከአውሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ግድብ ዳር፣ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ፣ ካሜራውን ይዞ በደረቱ ይተኛል። እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች ምንቃራቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰደዱ፣ ትል እየለቀሙ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሌንሱ ይመጣሉ። ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ መጠበቅ ያውቅበታል።

ፀዳልን ያወቃት በሚያዝያ ነው። የሆስፒታል ፈረቃዋን ጨርሳ፣ በስልክ እየሳቀች ስትመጣ ወፎቹን በሙሉ አስነሳችበት።

«ውይ! አባረርኩብህ?»

«ይመለሳሉ። ቁጭ በይ።»

አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። ወፎቹ ተመለሱ። እሷም በየቅዳሜው ተመለሰች። ምሳ ትይዝለታለች፤ ትቀልድበታለች፤ አንዳንዴ ዝም ብላ ታየዋለች። ያኔ እሱ ልቡ እየመታ ሌንሱን ያስተካክላል።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ባዶ እጇን መጣች።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሽማግሌ ይመጣል» አለች። «ልጁ ተስፋ ይባላል፤ ሲያትል ነው ያለው። ጨዋ ነው ይላሉ። አባዬ መልሱን ለእኔ ትቶታል።»

ውድነህ ከካሜራው ቀና አላለም። አንዲት ወፍ ሁለት ክንድ ያህል ቀርባው ነበር።

«እና... ምን ልትያቸው ነው?»

«እሱን አንተን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት!»

«እንዳልጫንሽ ብዬ እኮ ነው፣ ፀዱ...»

«አምስት ወር ሙሉ?» ድምጿ ሰለለ። «እኔ ወፍ አይደለሁም። ብትቀርበኝ አልበርም።»

ውድነህ ብድግ አለ። ከአገጩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደተለቀለቀ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቶ ወፍ ባንዴ ግር ብሎ ተነሳ። ወፍ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲትም አስደንግጦ አያውቅም ነበር።

«እወድሻለሁ» አለ። «ካንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

ፀዳል አፏን በእጇ ከደነች።

«ፊትህን ጠርገህ ብትናገረው ምን ነበረበት!» አለች፤ ታለቅሳለችም፣ ትስቃለችም።

ስልኩን አውጥቶ ለአጎቱ ደወለ።

«ጋሼ ይመር፣ ኮትዎን ይልበሱ። ዛሬውኑ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ሞንትቤሎ ሰፈር፣ እነ ፀዳል ቤት አይደል?» አሉ አጎቱ እየጮኹ። «ኮቱንማ ካስተኮስኩት ሁለት ወር አለፈኝ፣ አንተ ድንጋይ!»

ወፎቹ ከግድቡ ማዶ ዞረው ሲመለሱ፣ ካሜራው ጭቃው ላይ ብቻውን ነበር። በሁለቱ መካከል የቀረችውን ሦስት እርምጃ ውድነህ ራሱ ተራመዳት። ፀዳልም እንዳለችው አልበረረችም።