ዘይት የጠገበው ባቡር

ኦቦ ቦጂያ የሞቱት ሰበታ መሬት ይወስዳል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ስትታመስ ነው። ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ በቆርቆሮ የአሻንጉሊት ባቡሮቻቸው መሃል ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ተገኙ። መስኮቱ ተሰብሯል፤ አጠገባቸው ድንጋይ ወድቋል። ፖሊስም ብዙ አልተጨነቀም፤ የጎረቤታቸውን የዱርሲቱን ልጅ ኢፋን ከሰልፈኛው ጋር አፍሶ ወሰደው።

ኢንስፔክተር ኤልሳቤት በማግስቱ ስትመጣ ዱርሲቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው አይገድልም» አለቻት። «እባክሽ ድረሺለት።»

ድንጋዩ ላይ ደም የለም። መደርደሪያው ላይ በቁልፍ የሚጠመዘዙት ባቡሮች ሁሉ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ አረንጓዴ ብቻ በዘይት ያብለጨልጫል። ኤልሳቤት አነሳችው። በውስጡ ያለው የብረት ሞተር ከባድ ነው።

ባቡሮቹን ዘይት የሚቀባቸው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ዱርሲቱ የሽማግሌው እጅ ከክረምት ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያ እንኳ አልይዝ እንዳለ፣ የምታጎርሳቸውም እሷ እንደነበረች ነገረቻት። የፋብሪካ ሠራተኛው ተከራይ ኤልቃና አንዴ ሊነካ ሲል ተቆጥተውት ዳግመኛ እዚያ ክፍል አልገባም። ከቡራዩ ለቀብር የመጣው ልጃቸው ፈቀደ መንገድ ተዘግቶ ወር ሙሉ አባቱን እንዳላየ ተናገረ።

«ከእኔ በቀር ማንንም አያስነኩም ነበር» አለ ፈቀደ በኩራት። «ውሃ ከነካው ቶሎ አድርቀህ ዘይት ቀባው፣ ቆርቆሮ አይምርም እያሉ ነው ያሳደጉኝ።»

ኤልሳቤት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። የባቡሩን ጎማ ስታዞር ከጥርሶቹ መካከል የደረቀ ደም ነጭ ወረቀት ላይ ረገፈ።

«የተመቱት በዚህ ነው» አለች። «ገዳዩ አጠበው። ግርግሩን አይቶም መስኮቱን ሰብሮ ድንጋይ ጣለ። ይህን ማንም ያደርገዋል። የገደለበትን ዕቃ እንዳይዝግ ሳስቶ ዘይት ቀብቶ ቦታው የሚመልስ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። የአባትህ እጅ አይታዘዝም ነበር፣ ፈቀደ። ሌላ ማንንም አላስተማሩም።»

ፈቀደ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፕላኑ ሳይወስደው መሬቱን እንሽጥ ብሎ መለመኑን፣ አባቱ እዚሁ እሞታለሁ ማለታቸውን፣ በንዴት እጁ የገባውን አንስቶ መምታቱን ተናገረ።

«ባቡሩን እንደረጠበ ትቼው መሄድ አልቻልኩም» አለ።

ዱርሲቱ የኤልሳቤትን ክንድ ያዘች። «እንግዲህ ልጄን ይለቁታል?»

ኤልሳቤት ጣቢያ ደወለች። ብዙ አዳመጠች፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

«የታፈሱትን ሁሉ ጠዋት በመኪና ጭነው ወስደዋቸዋል።»

«ወዴት?»

በዚያ ቤት የቀረው ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር። ኤልሳቤት መልሱን አታውቅም።