ከቢራ ሣጥኖቹ ጀርባ የተሰጠ ግጥም

እኔ ጂን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ በሆዴ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ አንዷ ጎረቤቴ ሐይቁ ዳር በቀትር ስሜን ጠሩኝ ብላ አልጋ ብትይዝ "ረሃብ ነው የጠራሽ፣ ብይ" ብዬ ቂጣ የወሰድኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ሳወራህ አፌ እየተሳሰረ ነው፣ ግን ወላሂ የምነግርህ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው፣ አላምንም ካልክ መብትህ ነው፣ አንተ ብትነግረኝ እኔም አላምንህም ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ቦታው እዚሁ ሐይቅ ከተማ። ያኔ ሙዚቃ ማለት የቀበሌው ኪነት ነበር፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መፈክር በዜማ የሚሉት፣ እኔ ደሞ እሱ አይጥመኝም፣ ነፍሴ የምትወደው የማንም ያልሆኑትን፣ ተበድረው በገዙት መሣሪያ በየቡና ቤቱ ጓዳ የሚጫወቱትን ልጆች ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ባሌን ፈትቼ ራሴን የማድር፣ ውጫሌ አንድ ቡና ቤት ደህና ማሲንቆ መጥቷል ከተባለ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ አውቶብስ ላይ ነኝ፣ ሰው "ይቺ ሴት ለየላት" ይላል፣ ይበል! እኔን የሚያበላኝ ሰው የለ።

ከሁሉም ግን የወንድሜ የይማም ባንድ ይበልጥ ነበር፣ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፣ እመነኝ፣ ቢያበላሽ መጀመሪያ የምሰድበው እኔ ነበርኩ። እሱ ክራር ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ከበደ የሚባል ጓደኛው አኮርዲዮን ይጫወታል፣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ደሞ ከበሮ ይመታል፣ በቃ። የሚጫወቱት እትዬ ጥሩ ቡና ቤት ጓዳ ነው፣ ሰዓት እላፊ ስላለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ ጀምረው ሳይጨልም ይበተናሉ፣ ክራሩን ከአንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዘው፣ ማጉያውን በመኪና ባትሪ ያሠሩታል። መስኮት የለም፣ በሩ አንድ ነው፣ በአንዱ ጥግ ባዶ የቢራ ሣጥን እስከ ጣራው ተደርድሯል፣ እኛ አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን እንቀመጣለን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ ደስ ሲል!

መቼም ታውቃለህ፣ እንዲህ ያለ ቤት የሚደምቀው በግጥም ነው። አንዱ ጠጪ ከተቀመጠበት "ተቀበል!" ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ ዘፋኙም ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል፣ ስንኝ በስንኝ፣ እስኪያልቅ። ይማም ደሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘፍነው፣ ማን እንደሰጠው ሳያይ ነው የሚቀበለው። እትዬ ጥሩ ሁልጊዜ "አንተ ልጅ፣ ሰጪህን እይ እንጂ፣ ካድሬ ቢሆንስ?" ትለው ነበር፣ እሱ ይስቃል። ዓይኑን ከገለጠ ዜማው ይጠፋበታል።

አሁን የቤታችንን ጣጣ ልንገርህ። ታላቃችን አሊ ግንባር ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል፣ ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ሽማግሌዎቹ እናቴን "አብሽሪ፣ የሙት ሰደቃውን አውጪና ይውጣልሽ" ይሏታል፣ እሷ "ልጄን በቁሙ አልቀብርም" ትላለች። ሌሊት አትተኛም፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች፣ ሰማያዊ ሸሚዙን ከተሰቀለበት ሚስማር አውርዳ ሐሙስ ሐሙስ ታጥበዋለች፣ ለጁምዓ ቢደርስ ብላ። ንፁሕ ሸሚዝ! እጇ በሳሙና እስኪላላጥ። ይህን ደሞ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ ነፍስ የለም፣ ሰው ቢሰማ አበደች ይሉብናል ብለን ደብቀነው ነበር።

ያን ቅዳሜ ከመጀመሪያውም ነገሩ ደስ አላለኝም። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በሩን ያንገጫግጨዋል፣ እኔ መቀመጫ አልጥመኝ አለ፣ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ "ቁንጫ ገባብሽ እንዴ?" አለኝ። ከበደ የባትሪውን ሽቦ ገና በእጁ ይዞ ሳለ ማጉያው እህህ አለ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው፣ "ይማም፣ ሰማህ?" አልኩት፣ "ነፋስ ነው" አለኝ። እሺ ነፋስ ይሁን። ከዚያ ክራሩ ማንም ሳይነካው ግድግዳውን ተደግፎ በቆመበት እምም አለ፣ ይህንንም የከበሮው ልጅ እግሩ መትቶት ነው አልኩ፣ ልጁ ግን ገና አልገባም ነበር።

ጀመሩ፣ አምባሰል ነበር የሚመቱት፣ ይማም ዓይኑን ጨፍኗል። ከሣጥኖቹ በኩል አንድ ወፈር ያለ፣ የደከመው ድምፅ "ተቀበል!" አለ። ይማም እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ተቀበለ።

"ሰማያዊ ሸሚዝ ሚስማር ላይ የዋለ፣"

ይማም ዘፈነው፣ አፉ ዘፈነው እንጂ ልቡ ገና አልሰማም። እኔ ግን ከአግዳሚው ብድግ አልኩ።

"ሐሙስ ሐሙስ ታጥቦ ዳግም ተሰቀለ፣"

ዘፈነው፣ ዘፍኖት ዓይኑን ገለጠ። ወደ ሣጥኖቹ አየ፣ እኔም አየሁ፣ ሰው ሁሉ ሰጪው ሌላ ጠጪ መስሎት ያጨበጭባል፣ ሣጥኖቹ ጋ ሰው የለም፣ ድመት የለም።

"ማጠቡን ተይ እማ፣ እጅሽም አለቀ፣"

ይህንን በሹክሹክታ ነው ያለው፣ ይማም፣ እንባው እየወረደ። አራተኛው ሲቀር፣ ያ ድምፅ ትንፋሹን ሲስብ ሰማነው፣ ወዳጄ፣ ሊናገር ሲል የሚስበውን ትንፋሽ። ይማም ክራሩን በመዳፉ አፍኖ "አልቀበልም! አልቀበልም አልኩ!" ብሎ ጮኸ።

እትዬ ጥሩ በስመአብ እያለች ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አወረደች፣ ከኋላቸው ግድግዳና የሸረሪት ድር ብቻ። ያ የማይረባ ከበደ፣ አፉ አያርፍም፣ "በ'ቀ' ነው ቤት የሚመታው፣ 'ወደቀ' ሊል ይሆናል" አለ፣ የይማምን ፊት ሲያይ ደንግጦ "ወይም 'ዘለቀ'" ብሎ ጨመረ። ይማም አነቀው፣ ገላገልናቸው።

ለእማ አትንገሪ ብሎኝ ነበር፣ ኧረ እኔ መች እችላለሁ፣ ማታውኑ ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ስፈራ እሷ የተላጠ እጇን እያገላበጠች አየች፣ ኋላ ይማምን ጠርታ፣

"አራተኛውን ለምን አልተቀበልክም?" አለችው።

"ፈራሁ፣ እማ።"

"አንተ ማነህና ትፈራለህ? የተላከው ለኔ! የሰው አደራ በሩ ላይ ይመለሳል?"

ይማም እግሯ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሳምንቱ እናቴ፣ ሶላት አስተጓጉላ የማታውቅ፣ ጠጅ ቤት ባለበት መንገድ እንኳ የማታልፍ ሴት፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ እትዬ ጥሩ ጓዳ ገባች። ጠጪው ሁሉ ብድግ አለ፣ ጠርሙሱን ከእግሩ ሥር ደበቀ፣ እትዬ ጥሩ "ይግቡ እመት፣ ይግቡ" ብላ ሻይ አመጣችላት። እናቴ ከሣጥኖቹ አጠገብ ተቀመጠችና "ምታ" አለችው ልጇን። መታ፣ ዓይኑን ገልጦ። ምንም የለም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች፣ በሌላውም፣ ምንም የለም፣ ሰው መምጣት ተወ፣ እትዬ ጥሩ ግን ለጨዋነቷ አንድ ቀን ተዉ አላለችም።

አንድ ቅዳሜ ያው አምባሰል ላይ ነበሩ፣ እኔ እናቴን እንጂ ባንዱን አላይም። ድንገት ሻዩን አስቀመጠች፣ ጆሮዋን አዘነበለች፣ ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ሰው የተሰጠውን ስንኝ እንደሚመልስ፣ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል። እኔ ክንዷ ክንዴን እየነካኝ ምንም አልሰማሁም። አለቀና "አልሐምዱሊላህ" ብላ ተነሳች።

"እማ፣ ምን አለሽ?"

"የኔን ተቀበልኩ፣ በቃ።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ሸሚዙን አላጠበችም፣ አላወረደችውምም። ሽማግሌዎቹ ስለ ሰደቃው ሲመጡ አላለቀሰችም፣ እሺም እምቢም አላለች፣ ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው። አሊ አልመጣም፣ መርዶውም አልመጣም፣ መንግሥት ተለወጠ፣ እስከ ዛሬ ወሬው የለም። እኔ ፊቷን ሳጠና ስንት ዓመት ኖርኩ መሰለህ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፣ ልትሞት ስትል እንኳ ጆሮዬን አፏ ላይ ለጥፌ "እማ፣ አለ ወይስ የለም?" ብዬ ጠየቅኳት፣ እጄን ዳበሰችና "ለኔ የተሰጠኝ ነው፣ ልጄ" አለች።

የሚገርምህ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ እንቅልፍ ተኛች፣ ወላሂ፣ ውሻ ቢጮህ አትነቃም፣ ኢሻን ሰግዳ ጋደም ካለች እስከ ሱብሂ ሶላት ድብን ያለ እንቅልፍ። እኔ ነበርኩ አጠገቧ ጋደም ብዬ ትንፋሿን እያዳመጥኩ የማነጋ፣ እናት እንዲህ የምትተኛው ልጇ እንዳለ ስታውቅ ነው፣ ወይስ እንደማይመጣ ስታውቅ?