አቶ ልኩና የጎደለው ቆሎ

እታፈራሁ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ወለሉ እንደ ወትሮው መዘናት።

«ሰባ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም» አለ ከባንኮኒው ሥር የሚወጣው ድምፅ። «ከትናንት ሁለት መቶ ግራም ጨምረዋል። ክምችቱ ግን አልተነካም።»

«ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት። እሱንም ግብር ክፈዪበት በለኝ እንግዲህ!»

ድምፁ አልመለሰላትም። ቀልድ የሚጽፍበት ቦታ ስለሌለው፣ ቀልድ በሰማ ቁጥር ዝም ነው።

በድሬዳዋ የደቻቱ ሰገነት ገበያ የሚነግድ ሁሉ እንዲህ ያለ ድምፅ አለው። ገበያው ከወንዙ አሸዋ በላይ፣ የፀሐዩን ሙቀት ወደ ቀዝቃዛ አየር በሚለውጥ ሰፊ ጣሪያ ሥር ተንጣሏል። ድምፁ በሕግ «ራስ መዝገብ» ይባላል፤ ራሱን በራሱ የሚጽፍ የሒሳብ መዝገብ ማለት ነው። የተሸጠውን ይጽፋል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ግብሩን ያሰላል፣ ሰኔ ሠላሳ ፀሐይ ስትጠልቅም የዓመቱን የግብር ማሳወቂያ ራሱ ይልካል። እታፈራሁ የራሷን «አቶ ልኩ» ብላ ስም አውጥታለታለች። ትወደዋለችም። እሱ ከመምጣቱ በፊት ደረሰኝ በማዳበሪያ ከረጢት እያጠራቀመች፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር ስልኩን የሚያጠፋ ሒሳብ ሠራተኛ ስታሳድድ ነበር የኖረችው።

ወለሉ ግን የዘንድሮ ነው። ሰው ቆሞ በሚሸጥባቸው ሱቆች ሁሉ የግብር ቢሮው አስተክሎታል። የሚገባውንም የሚወጣውንም ሰው በግራም ይመዝናል፤ ከሱቁ ምን እንደወጣ አንዲት ፍሬ ሳትቀር ያውቃል።

ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን፣ የተቆላውን ገብስ እያቀዘቀዘች ሳለ አቶ ልኩ ጠራት።

«ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ዓመቱን ልዘጋ ስል ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። አንድ መቶ አርባ ሁለት ኪሎ ቆሎ የለም።»

«የለም ማለት?»

«ከሱቁ ወጥቷል፤ ገንዘቡ ግን አልገባም። ከሽያጩ ስድስት በመቶ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ጉድለት ሁለት በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የጎደለው ተሸጦ እንደተደበቀ ይቆጠራል።»

የቀረውን መስማት አላስፈለጋትም። ቅጣቱ የዓመት ትርፏን ጠራርጎ ይወስዳል፤ ሱቁ በቀይ ጥብጣብ ይታሸጋል፤ ቦታውም ለተረኛ ይተላለፋል። ተረኛው ማን እንደሆነም ታውቃለች። በግራዋም በቀኟም ያሉት ቦታዎች ቀድሞውኑ «እጅ የለሽ ሱቅ» ሆነዋል። ገንዘብ ሲሰጧቸው ዕቃ የሚተፉ፣ ሻጭ የሌላቸው ሣጥኖች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበት ቦታ ሣጥን ሆኖ ታያት።

«አይጥ ይሆን?»

«አይጥ ወለሉ ላይ ቢሄድ አውቅ ነበር። ሌባም የለም። ቆሎው የወጣው በደንበኞች እጅ ነው፤ በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ፣ እርስዎ እያዩ።»

እታፈራሁ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

«ምራቂ ነዋ! አቦ፣ አስደነገጥከኝ!»

«ምራቂ የሚል መደብ የለኝም።»

«ሰውዬው አንድ ጣሳ ቆሎ ይገዛል። ሰፍሬ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በእጄ አንድ ጭብጥ አክልበታለሁ። እሷ ናት ምራቂ።»

«የከፈለው ለአንድ ጣሳ ከሆነ፣ ለምን ከአንድ ጣሳ በላይ ይወስዳል?»

«እኔ እሰጠዋለኋ!»

«ለምን?»

ይህን ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሽ አሰበች። «ሰው ከፍሎ የገዛውን ብቻ ይዞ ሲወጣ ቅር ይለኛል» አለች።

አቶ ልኩ መውጫ ፈለገላት። ብልሽት ብሎ እንዳይጽፍ የተበላሸ ቆሎ የለም። ማስተዋወቂያ ተብሎ ሊጻፍ ግን ይችላል፤ እያንዳንዱ ጭብጥ ከተመዘነና የተቀባዩ ስም ከታወቀ። በቀሩት ሦስት ቀናት የምትሰጠውን ሁሉ እየመዘነች ብታስመዘግብ፣ የዓመቱን በዚያ መገመት ይቻላል። እሷም እሺ አለች። ምን ታድርግ?

የመጀመሪያው ደንበኛ ጋሽ ዑመር ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር መስመር ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ቆሎ ሳይገዛ አይውልም። ጣሳውን ሰፈረችለት። ከዚያ ጭብጡን ወደ ከረጢቱ በመጨመር ፈንታ ሚዛኑ ላይ አደረገችው።

«ዐሥራ ዘጠኝ ግራም» አለ አቶ ልኩ ጮክ ብሎ። «ተቀባይ፣ አቶ ዑመር። ምክንያት፣ ማስተዋወቂያ።»

ጋሽ ዑመር ሚዛኑን አየ፣ እሷን አየ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ለግብሩ ነው ጋሽ ዑመር። ግድ ሆኖብኝ ነው።»

«በሚዛን ሆንን በይኛ! ከተመዘነማ ምን ምራቂ አለው?» ጭብጧን ከሚዛኑ ላይ ሳያነሳ ከረጢቱን አጠፈ። «እኔን ደግሞ ምን ብለሽ ነው የምታስተዋውቂው? ሠላሳ ዓመት አውቅሽ የለም እንዴ?»

ቀስ ብሎ ወጣ። በማግስቱም አልመጣም።

የባሰው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ። አቶ ልኩ የሚጠራው ቁጥር ዐሥራ ስምንት፣ ዐሥራ ስምንት፣ እንደገና ዐሥራ ስምንት እየሆነ ሄደ። ማንም አላዘዛትም፤ እጇ ራሱ ሚዛኑን ለምዶ እኩል እኩል መዝገን ጀምሮ ነበር። ፈራች። እጇን አገላብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ሚዛኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

«ማስተዋወቂያው ይቅር» አለች።

«እንግዲያው ሌላ መንገድ አለ» አለ አቶ ልኩ። «ወለሉ ዓመቱን ሙሉ ሰዎቹን መዝኗል። ሲወጡ ከነበራቸው ክብደት ሲገቡ የነበራቸውንና የገዙትን ብቀንስ፣ ለማን ምን ያህል እንደሰጡ ይወጣል። አውጥቼዋለሁ። አማካዩ ዐሥራ ስምንት ግራም ነው፤ ለሁሉም ግን እኩል አይደለም።»

«ለማን ነው የሚበዛው?»

«ከመጋቢት ወዲህ በየሳምንቱ እየከሳች የመጣች አንዲት ደንበኛ አለች። እሷ በቀነሰች ቁጥር የእርስዎ ጭብጥ ጨምሯል። አቶ ዑመር እስከ ጥር ዐሥራ አራት ድረስ ሃያ ግራም ያህል ይወስዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአርባ ቀን ሃምሳ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ሃያው ተመለሰ።»

ጥር ዐሥራ አራት የጋሽ ዑመር ሚስት ሰዓዳ የተቀበረችበት ቀን ነው። እታፈራሁ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ አላወቅሁም» አለች። «እንዲህ እንደማደርግ በፍጹም አላወቅሁም።»

«ታዲያ ማን ወሰነ?»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ደስታም ሐዘንም ነበር፤ ይበልጥ ግን ደስታ።

«ይህ ቢላክ ያሳምናል» አለ አቶ ልኩ። «ቆሎ ደብቆ የሚሸጥ ሰው ቁጥር እንዲህ አይሆንም።»

«ከስማቸው ጋር ነው የሚላከው?»

«ያለ ስም ማስረጃ አይሆንም።»

«እንግዲያው አትላከው። ሴትዮዋ መክሳቷን ለማን ነግራለች? የሽማግሌውን ሐዘንስ ቢሮ ለቢሮ ላዙረው? የሰው ገመና ነው።»

«ሱቁን ሊያጡ ይችላሉ።»

«ሰምቻለሁ» አለች። «ማብራሪያ የሚባል ቦታ አለ አይደል? ምራቂ ሰጥቻለሁ ብለህ ጻፍ። ሌላ ነገር እንዳትጨምር።»

ሰኔ ሠላሳ ፀሐይ ስትጠልቅ ማሳወቂያው ከሁለት ቃል ማብራሪያው ጋር ሄደ።

ሐምሌ አምስት ቀን፣ ቀይ ጥብጣብ ያለበት ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ሰው ገባ። ወለሉ መዘነው።

«ቢተው እባላለሁ፤ ከግብር ቢሮ ነኝ» አለ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «ምራቂ ብለው ጽፈዋል። ማስረጃ አለዎት?»

«የለኝም ልጄ።»

ሰውየው ወደ ባንኮኒው ዞረ። «አንተስ? የደንበኞች ዝርዝር አለህ?»

«አለኝ» አለ አቶ ልኩ። «ዝርዝሩ የሱቁ ባለቤት የወይዘሮ እታፈራሁ ነው፤ እሳቸውም እንዳይወጣ አዝዘዋል።»

ቢተው ቅንድቡን አነሳ። ሊከስሳት የመጣበትን ነገር ሊያስተባብል የሚችል ማስረጃ የሚደብቅ ነጋዴ አይቶ አያውቅም። ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ከፈለ። «እስቲ አንድ ጣሳ ይስጡኝ» አለ።

ሰፈረችለት። ከዚያ እጇ ወደ ቆሎው ሄደ። ሱቄን ሊያሽግ ለመጣ ሰው እንዴት እሰጣለሁ ብላ ልትይዘው አስባ ነበር፤ እጇ ግን ቀደማት።

«ሠላሳ አንድ ግራም ተጨማሪ» አለ አቶ ልኩ። «ተቀባዩ በሥራ ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በጉቦ መደብ ልመዝግበው?»

እታፈራሁ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ቆይ» አለ ቢተው። «አማካዩ ስንት ነው?»

«ዐሥራ ስምንት።»

«ለእኔ ለምን ሠላሳ አንድ ሆነ?»

«እንጃ ልጄ» አለች እታፈራሁ። «እንቅልፍ ያጣህ መሰለኝ።»

ሰውየው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ሳይጠይቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሦስት ፍሬ ቆረጠመ። «ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ቢሮ ለማንም አልተናገርኩም» አለ። ከዚያ ጭብጧን በላት። እታፈራሁም ውኃ ቀዳችለት።

ሲነሳ ፊቱ ትንሽ ለስልሶ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎት እናቴ። ሰው ቆሞ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይጎድላል። እጅ የለሾቹ አንድ ግራም አይጎድልባቸውም። ወለሉንም ያስተከልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌቦች መስላችሁን ነበር። ሌሎቹ ነጋዴዎች ፈርተው እርጥበት ነው፣ የሚዛን ስሕተት ነው ብለው ጻፉ። ምራቂ ብሎ የጻፈልን አልነበረም። እኔ ራሴ ከገበያ ስመለስ ስንቴ ተቀብዬ፣ ወረቀት ላይ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቆሎዎን በልቻለሁ፤ በእርስዎ ጉዳይ መፍረድ አልችልም። ለሌላ ፈራጅ አስተላልፈዋለሁ። ለማሽን አይደለም፣ ለሰው። እስከዚያ አላሽግም።» ጥብጣቡን ወደ ቦርሳው መለሰና ወደ ባንኮኒው ጎንበስ አለ። «ጉቦ እንዳትል። ለእኔ ስትሰጥ ሱቋ ትዝ አላላትም።»

«ታዲያ የት ልጻፈው?» አለ አቶ ልኩ።

ቢተው ከረጢቱን ታቅፎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዑመር መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ። ሚዛኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነው።

«ትመዝኚኛለሽ?»

«አልመዝንህም። ግባ አቦ!»

ገባ። ጣሳውን ሰፈረችለት፤ ጭብጡን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረችለት። ኩርፊያው እንዲወጣለት ደግማ ጨመረች። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ከረጢቱን አጠፈና ወጣ።

እታፈራሁ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ወለሉ በዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ግራም ዘልሎ አያውቅም።

«አቶ ዑመር፣ ስልሳ ስምንት ኪሎ» አለ አቶ ልኩ።

«ከስንት ግራም?»

አቶ ልኩ ዝም አለ፤ ልክ ቀልድ እንደሰማ ጊዜ። እታፈራሁም ሁለተኛ አልጠየቀችውም።